የተገኘበት ቦታ

ሃዊ የትኛው ግራር ከየትኛው ጋር እንደሚዛመድ በዲኤንኤ ልታጠና ከአምቦ ወጣ ብላ ቅጠል ትሰበስባለች። የደኑ ጥበቃ ሽማግሌ ናቸው፤ ካፖርታቸውን በፀሐይም አያወልቁም። ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርገው ይይዙላታል፤ ፖስታው ላይ ቀኑንና ቅጠሉ የተገኘበትን ቦታ ስትጽፍ አንገታቸውን አስግገው ያነባሉ።

በሦስተኛው ቀን «ቅጠል ዘመዱን ከተናገረ፣ አጥንትስ?» አሏት።

«አጥንትም ይናገራል፣ አባባ።»

ከደረት ኪሳቸው ከእሷው ፖስታዎች አንዱን አወጡ። ውስጡ ከነሥሩ የተነቀለ የራሳቸው ሽበት ነበር። ላዩ ላይ፣ እሷ በምትጽፍበት አኳኋን በራሳቸው እጅ የተጻፈው፣ «የልጁ አባት። ልጁ የተወሰደበት ቀን፦ ኅዳር 12፣ 2013። የተገኘበት ቦታ፦» ይላል። ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው።

«ከቅጠሎቹ ጋር አስቀምጪልኝ» አሏት። «ሲገኝ ቦታውን አንቺ ትሞዪዋለሽ።»