የአስካለች ላና ራ

ወንድሜ ተገኘ ሚስት ሲያገባ ቤታችን ጸጥ ይላል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ጸጥታውንስ አገኘነው። አስካለች ከዳምቦያ ተድራ ዱራሜ እኛ ቤት ከገባች ወዲህ ድምጿ ከጓዳ አልፎ አልተሰማም። ጨጓራዬን የላጠው ግን ይኸው ዝምታዋ ነው።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። እኛ ከምባታዎች ዘንድ ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም። ስሙን መተው ብቻ ቢሆን ማን ይቸገራል? ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ቃል ሁሉ አብሮ ይከለከላል። ባሊሻ ይባላል፤ ለአማት የሚሰጥ ክብር ነው። ክብርነቱን አልክድም። ግን አባቴ ላሬቦ ነው፣ እናቴ ደግሞ ራሄል ናት። እንግዲህ አስቡት። በ«ላ» የሚጀምር ቃል የለ፣ በ«ራ» የሚጀምር ቃል የለ። በከምባትኛ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ እሷ አማርኛውንም ጨመረችበት። ራት ቀርቧል አትልም፣ «የማታው ደርሷል» ትላለች። አንድ ቀን ላማችን የጎረቤት ጎመን ውስጥ ገብታ ስትግጥ አስካለች «ያቺ! ያቺ ወተት የምትሰጠን!» እያለች በግቢው ስትሯሯጥ ጎመኑ አልቆ ነበር። ከጎረቤት ጋር የተጣላሁት እኔ ነኝ።

ይህም ይሁን፣ ጎመን ነው። የባሰው በኋላ መጣ። አስካለች አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ሴት ናት፤ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጊዜያዊነት ተቀጥራ እንግሊዝኛ ታስተምር ነበር። ሥራዋን ስትወድ ለጉድ ነው። የጠመኔው ዱቄት ከጣቷ ላይ እንዳይለቅ የምትሳሳ ነው የሚመስለው። በዚያ ዓመት ከሆሳዕና ኢንስፔክተር መጥቶ ስታስተምር ያያታል ተባለ። ካለፈች ቋሚ መምህርት ትሆናለች፤ ከወደቀች ቤቷ ትቀመጣለች። ለማሳያ የተሰጣት ትምህርት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የእንግሊዝኛው ኤል እና አር! ላይትና ራይት፣ ላምፕና ራቢት። ይህን የመረጠውን ሰው ባገኘው እላለሁ እስከ ዛሬ።

የሚያለማምዳት መምህር ሽብሩ የሚባል የሆሳዕና ሐዲያ ነበር። ከሥራ በኋላ ቤታችን እየመጣ መስታወት ያስይዛትና ያፋጥጣታል። ለኤል የምላሷ ጫፍ ከላይኛው ጥርስ ሥር ይለጠፋል፤ ለአር ምንም ሳይነካ ወደ ኋላ ይሰበሰባል። እንደ እኛው ር ምላስ አይርገበገብም።

«ሎንግ» ይላታል።

«ሎንግ» ትላለች፣ ከእሱ አሳምራ።

«ሮድ።»

«ሮድ።»

«ራይት።»

ዝም። መስታወቱን ታያለች።

«ላይትስ?»

ዝም።

ሽብሩ ጭንቅላቱን ያዘ። «ኧረ እህቴ፣ ሮድ ያለ ምላስ ራይትን እንዴት ያቅተዋል? በእኛ በሐዲይኛ እኮ ቃል በር አይጀምርም። እናንተ ሮሲሳንቹ የምትሉትን መምህር እኛ ሎሲሳንቾ ነው የምንለው። እኔ ሐዲያው ለምጄው አንቺ ከምባታዋ ያቅትሽ?»

አላስቻለኝም። «አላቃታትም! የእናቴና የአባቴ ስም ነው» አልኩት። ሰውየው አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየና መስታወቱን ተቀብሎ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

«ባሊሻ እኛም ዘንድ አለ» አለ። «እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባ ግን ያየሁት ዛሬ ነው።»

«ቋንቋው የእነሱ ነው፣ አፉ የእኔ ነው» አለች አስካለች ቀስ ብላ። እንዲህ ያለች ሰው ምን ይደረጋል?

አባቴ ከደጅ ሆኖ ሲሰማ ኖሯል። እሱ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። «ፈቅጃለሁ!» ብሎ ገባ። «ላምፕም በይ፣ ላምም በይ። ጎመኑን የከፈልኩት እኔ ነኝ።» አስካለች ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና «ላይት» አለች። ሽብሩ ከደስታ ብዛት መስታወቱን ሊሰብረው ነበር።

ግማሹ ተፈታ ብዬ እናቴን ጠበቅሁ። እናቴ የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናት። ከስብሰባ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ለመንኳት።

«ስሜ የቦኖ ውሃ ነው እንዴ፣ የመጣው ሁሉ የሚቀዳው?» አለች።

«እማ፣ ዛሬ አዳራሽ ውስጥ ሴቶች ከጭቆና ይላቀቁ እያልሽ ስትጮኺ አልነበርሽም?»

«እሱ የስብሰባ ነው።»

ተገኘ ሚስቱን ያግዛል ብዬ ከሚሠራበት ከዶዮገና እስኪመጣ ጠበቅሁት። ቅዳሜ መጣ፣ የእኔንም የእናቴንም አዳመጠ፣ «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» ብሎ በላና ተኛ። ፈተናው እስኪደርስ ድረስ ሽብሩ «ራይት» እያለ፣ አስካለች መስታወት እያየች፣ እኔ ጥርሴን እያፋጨሁ ከረምን።

የፈተናው ዕለት ወላጆችም እንዲያዩ ተጠርተው ክፍሉ ጢም አለ። እናቴ የሴቶች ማኅበርን ወክላ ከትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ከኋላ የሰፈራችን ባልቴቶች አሉ፤ እኔም መካከላቸው ተሸጉጫለሁ።

አስካለች ጀመረች። ድምጿ ከጓዳ የማይወጣው ሴት እዚያ ስትናገር ልጆቹ ዐይናቸውን ከከንፈሯ አልነቀሉም። ሎንግ፣ ላይት፣ ላምፕ፣ እያለች ሄደች። ሮድ አለች። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ራይትን ጻፈችና በዱላ እያሳየች ልጆቹ እንዲያነቡት ጠቆመች። ልጆቹ ምላሳቸውን እያርገበገቡ በራሳቸው ር አነበቡት።

«መምህርት» አለ ኢንስፔክተሩ፣ «መጀመሪያ እርስዎ ይበሉት እንጂ፤ ልጆቹ እርስዎን ነው የሚከተሉት።»

ኢንስፔክተሩ ጠበቀ። ከኋላዬ አንዷ ባልቴት «አማቷ ፊት እንዴት አድርጋ?» ስትል ሌላዋ «ታዲያስ! ባለጌ አይደለችም» አለች። አስካለች ፊቷ ዐመድ መስሏል፤ ጠመኔውን ጨብጣ ቆማለች። በይው ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶውን አወጣ።

እናቴ ተነሣች።

«ሀንዲሶ!» አለች ጮክ ብላ።

ኢንስፔክተሩ ሰው የጠራች መስሎት በሩን አየ። ባልቴቶቹ ግን እስትንፋሳቸው ቆመ። ሀንዲሶ የአባቴ አባት ነው፣ ለእናቴ አማቷ። ከሞተ ዘመን አልፎታል። እናቴ ከተዳረች ጀምሮ ስሙን ጠርታ አታውቅም፤ በ«ሀ» የሚጀምር ቃል አይወጣትም። ቀበሌ «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት!» ሲፈከር እንኳ እጇን አንሥታ «ሀገር» ላይ ስትደርስ ውጣው ታልፋለች። ካድሬው በዚህ ስንቴ እንደገላመጣት እኔ ነኝ የማውቀው።

ወደ ባልቴቶቹ ዞረች። «የአማቴ ስም ነው። ሰምታችኋል፣ እኔ ጠርቼዋለሁ። በይ አስካለች፣ አሁን አንቺም በይው።»

«ራይት» አለች አስካለች። እንባዋ እየወረደ ምላሷ ምንም አልነካም፤ ጥርት ያለ አር ነበር። ልጆቹም ተከትለው ክፍሉን ሞሉት።

አለፈች። እዚያው ነገሯት።

ወደ ቤት ስንመለስ አስካለች ከሽብሩ ጋር ቀድማ ሄዳ፣ እኔና እናቴ ብቻችንን ቀረን። ያጠራቀምኩት ሁሉ ገነፈለብኝ። «እማ፣ ለመፍቀዱ ለመፍቀዱ ቤት ሳለን ለምን አልፈቀድሽላትም? ይህን ሁሉ ጊዜ አቃጠልሽን እኮ!»

እናቴ ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ስባ መንገዱን ብቻ እያየች ትሄድ ነበር። «ቤት እምቢ ያልኩት ከልቤ ነው» አለች። «እዚያ ቆማ ሳያት ግን አስጨነቀችኝ። ፈቅጄልሻለሁ ብላትም እነዚያ ሴቶች የሚያሟት እሷን ነበር፤ ገና ልጅ ናት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ትሸከመዋለች። አሁን እኔን ይሙኝ። እኔ አርጅቻለሁ።»