ከላንቻዋ ምንጣፍ ሥር

ሳህሌን ያየ ሰው ካህን እንጂ ባትላሜራ ነው ብሎ አይገምትም። አዲስ አበባ የተጣመመ ላሜራ ሲያቃና ያደገ ሰው ነው፤ ለንደን ገብቶም ከሙያው አልወጣም። ኤድመንተን በሚባለው የከተማዋ ሰፈር አሮጌ የጣልያን መኪኖች የሚታደሱበት ጋራዥ ተቀጠረ። ታዲያ እነዚያ መኪኖች የሚነዱ እንዳይመስላችሁ። ሰብሳቢዎቹ ጨርቅ አልብሰው ያስቀምጧቸዋል። «ሰው ሲያረጅ ይረሳል፣ መኪና ሲያረጅ ይከበራል» እያልኩ እኔ ጓደኛው አበሽቀው ነበር።

በፈረንጆቹ 2009 ሰኔ ላይ ሚስቱ የሻረግ ታማ ሆስፒታል ተኛች። ያን ሰሞን በእጁ የነበረችው የጥንት ላንቻ ናት፤ ሁለት በር ያላት፣ ለረጅም መንገድ የተሠራች የቅንጦት መኪና። ሐኪሞቹ ተስፋ የለም ባሉት ማግስት ሳህሌ ምንጣፏን ገለጠና ወለሏ ላይ ትንሽ መስቀል ጫረ። «እኔ ይቺን እንዳዳንኩ፣ አንተም እሷን አድንልኝ» ብሎ ተሳለ።

የሻረግ ለፍልሰታ ሳትደርስ አረፈች።

ከአርባዋ በኋላ ሥራ ሲመለስ ላንቻዋ ልትሸጥ ነበር። ገዢው የላከው መርማሪ ምንጣፉን ሲገልጥ መስቀሉን አየ። ለእነዚህ ሰዎች ከፋብሪካ እንደወጣ የቆየ ላሜራ ቅርስ ነው። ጭረቱ የጥንት ሠራተኛ ምልክት ከሆነ መኪናዋን ያስከብራታል፤ አዲስ ከሆነ ግን ጉዳት ነውና ይፋቃል።

«ስትመጣ ነበረባት?» ሲል ሳህሌን ጠየቀው።

አለቃው ከመርማሪው ጀርባ ሆኖ አዎ በል ብሎ ጠቀሰው። አዎ ቢል መስቀሉ እዚያው በክብር ይቀመጥ ነበር። እኔ ብሆን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ዓይኔን ሳላሽ እዋሽ ነበር።

«እኔ ነኝ የጫርኩት» አለ ሳህሌ። «ለሚስቴ ብዬ ነው።»

መርማሪው አዘነለት፤ ግን ይፋቅ አለ። አለቃው ሌላ ሠራተኛ ሊጠራ ሲል ሳህሌ ከለከለው። ማሽንም አልፈለገም። ብርጭቆ ወረቀት ይዞ ወለሉ ላይ ተንበረከከና በእጁ ፋቀው።

እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ይህን ሲነግረኝ ደሜ ፈላ።

«አንተ ሰው፣ ምን ነካህ? ኢንስፔክተሩ ቼክ ቢያደርግ አዎ ብለህ ዝም አትልም? ስለትህ እንደሆነ አልሰመረልህም፤ መስቀሏ እንኳ ትትረፍ!»

«አልሰመረልኝም» አለ ረጋ ብሎ። «ግን አዎ ብል እኮ መስቀሉ የአንድ የማላውቀው ጣልያን ይሆን ነበር። ሰው ሁሉ እሱን እያሰበ ሊያየው። አሁን የየሻረግ መሆኑን ተናግሬ ነው የፋቅሁት።»

ልሰናበተው እጁን ስጨብጥ የጣቶቹ ጫፍ ተልጧል። መንገድ ላይ መሆኔን ረስቼ አለቀስኩ።