ማግኔት የማይመልሰው ብረት

ስልኩ ሲጮኽ ምስር እየለቀምኩ ነበር። ከኮልፌ የደወለችው የድሮ የክፍል ጓደኛዬ አስቴር ናት። ሰላምታውን ስታሳጥርብኝ ልቤ ፈራ። «ኑሪያ አረፈች። ትናንት ተቀበረች፤ እኔም የሰማሁት ከቀብር በኋላ ነው» አለችኝ።

እዚህ ኢየሩሳሌም ስኖር ብዙ ዘመኔ ነው። የሞተ ሰው ስም ሲደርሰኝ ጧፍ አበራለሁ። ያን ቀን ግን ጧፉን ይዤ ቆምኩ። ለሙስሊም ጓደኛ እንዴት ተብሎ እንደሚጸለይ የነገረኝ የለም። «አንተ ታውቃታለህ» ብቻ ብዬ አበራሁት። ተመልሼ ምስሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጠጠሩ ለብቻ፣ ምስሩ ለብቻ ተቀምጦ ሳይ ያ የሰባተኛ ክፍል ትምህርት መጣብኝ።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። ኮልፌ ያኔ ግማሿ ከተማ፣ ግማሿ ገጠር ነበረች። ሰኔ ሲገባ ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ አየሩ ባሕር ዛፍና ዝገት ይሸታል። ዝገቱ ከኑሪያ አባት ከጋሽ ከድር ደጅ ነው። አሮጌ ብረት ገዝተው ይሸጡ ነበር። ከተሰበረ ሬዲዮ የወጣ ማግኔት በሲባጎ አንጠልጥለው ብረቱን ከመዳብ ይለያሉ። «ሰው ይዋሻል እንጂ ማግኔት አይዋሽም» ይሉ ነበር።

እኔና ኑሪያ አንድ ዴስክ ላይ ነበርን። ሥጋ አንካፈልም፤ የሁለታችንም ቤት አይፈቅድም። ቆሎ ግን ከአንድ ኪስ በልተናል። ገብሱን እኔ እወዳለሁ፣ እሷ ሽምብራውን፤ እየለቀምን እንለዋወጥ ነበር።

የሳይንስ መምህራችን መምህር ይትባረክ ጎጃም ቅኔ ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ኑሪያ ከአባቷ ያመጣችውን የብረት ዱቄት ከአንድ ቢጫ ዱቄት ጋር ቀላቀሉት። ማግኔት ሲያስጠጉ ብረቱ እየዘለለ ተለጠፈ፣ ቢጫው ቀረ።

«ይኼ ድብልቅ ነው። እንደ እናንተ ቆሎ። ጎን ለጎን ተቀመጡ እንጂ አንዱም የራሱን ጠባይ አልለቀቀም።»

ከዚያ እንደገና ደባልቀው በመስታወት ቱቦ ውስጥ ጨመሩና ቡታጋዝ ላይ ያዙት። ዱቄቱ ፍም መሰለ። ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ አንዴ መስኮት ክፈቱልን፣ ልንሞት ነው!» አለ። ሲበርድ የቀረው ጥቁር ጓል ነበር። ማግኔቱ ቢጠጋው ንቅንቅ አላለም።

«ይኼ ደግሞ ውሁድ ነው» አሉ። «ብረትም አይደለም፣ ዲንም አይደለም።»

ከተማው ድኝ የሚለውን ቢጫ ነገር እሳቸው እንደ መጽሐፍ ቅዱሱ ዲን አሉት። እኔ ዲን ስሰማ በሰዶም ላይ የዘነበው እሳት ታየኝ። በኑሪያ ቤት ደግሞ ዲን ማለት ሃይማኖት ነው። ሁለታችንም የየቤታችንን ሰማን። «አንቺ፣ ዲን ይቃጠላል እንዴ?» ብላ በጆሮዬ ሳቀች። ቤቷም ገብታ ለቀልድ «ዛሬ ትምህርት ቤት ዲን አቃጠልን» አለች።

በማግስቱ ቀረች። ጋሽ ከድር «ዲን ወደሚቃጠልበት ልጄን አልልክም» ማለታቸው ተሰማ። መምህሩ ጓሉን በወረቀት ጠቅልለው፣ እኔን መንገድ መሪ አድርገው ሄዱ።

«ጋሽ ከድር፣ ድኝ ማለቴ ነው» አሉ። «ያ ለከብት እከክ የሚቀባው።»

ጋሽ ከድር እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ድኝ! ወይ ጉድ! እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ እኮ!»

ተመስገን አልኩ፤ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ። እሳቸው ግን ጓሉን ተቀብለው እንደ ልማዳቸው ማግኔታቸውን አስጠጉ። አልሳበም። እንደገና ሞከሩ።

«እዚህ ውስጥ የኔ ብረት አለ?»

ኑሪያ መምህሩን ቀድማ ከጓዳ ወጣች። ጉብዝናዋን አይተው ይመልሱኛል ብላ ይመስለኛል።

«ከሱ ነው የተሠራው፣ አባ። ግን አሁን ብረት አይደለም፤ ሌላ ነገር ሆኗል።»

«ማግኔት አይመልሰውም?»

«አይመልሰውም» አለች፣ ዓይኗ እያበራ።

ጋሽ ከድር ጓሉን በእጃቸው አገላበጡት። ከዚያ ያለ ቁጣ ወደ እኔ አዩ።

«ይቺን ልጅ እወዳታለሁ። ቆሎ ሲካፈሉ አያለሁ፣ ደስ ይለኛል። ጎን ለጎን ናቸው፤ ሲመሽ እያንዳንዷ ወደ ቤቷ ትገባለች። እኔ የምፈራው ይኼንን ነው፣ መምህር። ልኬያት ልኬያት፣ አንድ ቀን የኔ ማግኔት የማይስባት ሆና ብትመጣስ?»

«ሰው ብረት አይደለም፣ ጋሽ ከድር።»

«እሱስ ልክ ነዎት። ብረት ቢጠፋብኝ ሌላ እገዛለሁ።»

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ዴስኩ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ኑሪያ ተድራ ነበር። ከዓመታት በኋላ አንዴ አየር ጤና ፌርማታ ላይ አገኘኋት፣ ልጅ አዝላ። በስሜ አልጠራችኝም። «ውሁድ!» አለችኝ፤ ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋ ጠፋ።

እኔ በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ፣ ሌላ ነገር ሆኜ የቀረሁ ይመስለኝ ነበር። የኮልፌ ስልክ ሲጮኽ ግን ያ ሁሉ ዓመት ወደዚያ ከመሳብ አልያዘኝም። ጋሽ ከድር ይህን አይተው ቢሆን እላለሁ። ግን እሳቸውም አልፈዋል።

ይህን የምታነቡ፣ በዚያ ክፍል የነበራችሁ፣ ሽታው ያስሳላችሁ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ለቅሶ ስትደርሱ ልጆቿን ፈልጉልኝ። እናታችሁ ያን ቀን የመለሰችው ትክክል ነበር በሏቸው። ትምህርቷን ያስቀራት ያው መልስ መሆኑን ግን አትንገሯቸው።