የሰባት ጣሳ ቡና ሒሳብ

ሐሙስ ኅዳር 14 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በሺሺንዳ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የመምህራን ክፍል ተቀምጬ የአርባ አራት ተማሪዎችን የሒሳብ መልስ ማረም ጀመርኩ። ልጆቹ በሙከራ ላይ ካለ የሒሳብ መጽሐፍ ሃያ ሦስት ትምህርት የተማሩ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። የሚፈተነው ግን እኔ ያዘጋጀሁት ይኸው መጽሐፍ ነበር።

ከቦንጋ ትምህርት ቢሮ የመጣነው ሁለት ሆነን ነው። ባልደረባዬ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ፣ ጡረታ የተቃረቡ ሰው ነበሩ፤ በቢሮው ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። መጽሐፉን ሁለት ዓመት ለፍቼበታለሁ። ነባሩ መጽሐፍ መደመርን አንድ ወር አስተምሮ ይዘጋና ወደ መቀነስ ይሻገራል፤ ልጆቹ መቀነስን ሲይዙ መደመርን ይረሳሉ። በእኔ ረቂቅ ግን በየቀኑ አንዲት ትንሽ አዲስ ነገር ብቻ ትጨመራለች፤ የቀረው ገጽ ቀደም ሲል የተማሩትን መከለስ ነው። ያልተማሩትን የሚጠይቅ ጥያቄ አንድም እንዳይገባ ደንብ አውጥቼ ነበር። ጋሼ ይህን አሠራር «የጠብታ ሒሳብ» ይሉታል።

«እኛ ማባዛትን በጣሳ ነበር የምንግታቸው፤ አንቺ በጡጦ ታጠቢያለሽ» ይሉኛል።

የሙከራውን መስፈርት የጻፍኩትም እኔ ነኝ፦ እያንዳንዱን ጥያቄ ቢያንስ ሠላሳ ልጆች በትክክል መመለስ አለባቸው። በአንዱ እንኳ ቢጎድል ረቂቁ ተመልሶ ቁም ሣጥን ይገባል፤ ትምህርት ቤቶቹም በነባሩ መጽሐፍ ይቀጥላሉ። ኃላፊያችን በማግስቱ ጠዋት ውጤቱን ሰምተው ሊወስኑ ቀጠሮ ይዘዋል።

ስድስቱ ጥያቄዎች ደኅና አለፉ። ሰባተኛው እንዲህ ይላል፦ «አንዲት እናት ጠዋት ሦስት ጣሳ፣ ከሰዓት በኋላ አራት ጣሳ ቡና ሸጠች። ቡናዋ በጠቅላላ ስንት ጣሳ ነበር?» ሰባት ብለው ያበቁት አሥራ ሦስት ልጆች ብቻ ነበሩ። አሥራ ዘጠኙ ስምንት ብለዋል። የቀሩት አሥራ ሁለቱ ሰባት ከጻፉ በኋላ አጠገቡ ሰባት ነጠብጣቦች አኑረዋል። ነጠብጣቦቹን ይቅር ብል እንኳ ሃያ አምስት ነው፤ ሠላሳ አይሞላም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ተመለስኩ። ሦስት ሲደመር አራት በቁጥር ብቻ ተጠይቋል፤ አርባ አንድ ልጆች ሰባት ብለዋል።

«መደመሩን ያውቁታል፤ ቡና ሲሆን ነው የሚጠፋባቸው» አልኩ።

«የከፋ ልጅ ቡና ሲያይ አይጠፋበትም» አሉ ጋሼ።

ስምንት ካሉት አንዷን አስጠራናት። ፀጉሯን በሁለት የተጎነጎነች፣ የማትፈራ ልጅ ነበረች። ጋሼ በአካባቢው ቋንቋ በካፊኖኖ ጠየቋት፤ እሷ ግን ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ መለሰች።

«ቲቸር፣ ምርቃቱስ?»

«የምን ምርቃት?»

«ለእያንዳንዱ ጣሳ በእጇ አንድ ጭብጥ ትመርቃለች። ሰባት ጣሳ፣ ሰባት ጭብጥ። ሰባቱ ጭብጥ ሲጠራቀም አንድ ጣሳ ይሆናል።»

«ባትመርቅስ?»

«ከእሷ ማን ይገዛል?» አለች።

ጋሼ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ሰባቱ ነጠብጣቦችም ለካ ጭብጦቹ ነበሩ። እኔም ብሆን ጭብጥ ያልጨመረችልኝን ሻጭ ሁለተኛ ጎብኝቼ አላውቅም፤ ሆኖም ያን ጥያቄ ስጽፍና አምስት ጊዜ ሳነብ ምርቃት ትዝ አላለኝም። ጋሼም አንብበውታል፤ ለእሳቸውም ትዝ አላላቸውም።

ከጥበቃው ጣሳና ጥቂት ቡና ተውሰን ልጅቷን አስሰፈርናት። በሰባተኛው ጭብጥ ቡናው ከጣሳው አፍ ለመድረስ አንድ ጣት ያህል ሲቀረው ቆመ።

«የእናቴ እጅ ይበልጣል» አለች።

ጋሼ ያለ ነጠብጣብ ሰባት ብለው የመለሱትን ልጆች ስም ከክፍሉ መምህር ጋር ሲያዩ አብዛኞቹ የባለ ሱቅ ልጆች ሆነው ተገኙ። «እነዚህ በሚዛን ነው የሚሸጡት» አሉ፤ «ጥያቄሽን እንዳሰብሽው የመለሰልሽ ሚዛን ብቻ ነው።»

ወደ ቦንጋ ስንመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ ተከራከርን። በጠብታው ሒሳብ ሁለት ዓመት ሲቀልዱ የኖሩት ሰው ያን ዕለት ጠበቃዬ ሆኑ።

«ስምንት ያሉት ሁሉ ትክክል ናቸው። እንደ ትክክል ቁጠሪያቸው፤ አለቀ።»

«ጋሼ፣ መስፈርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለራሴ ስል ላጣምመው አልችልም።»

«ታዲያ ልጆቹን ልትጥያቸው ነው?»

«ልጆቹን አይደለም፤ ጥያቄውን ነው።»

«ጥያቄው ሲወድቅ አንቺም አብረሽ ትወድቂያለሽ።»

ያሉት እውነት ነበር። ያ ጥያቄ ገና ያልተማሩትን እንዳይጠይቅ ስጠነቀቅ፣ የሚያውቁትን ረስቼ ነበር። «ከአንድ ያነሰ ክፍል» የሚለውን ሐሳብ ለልጆቹ ይከብዳል ብዬ ያስቀመጥኩት በዘጠና አንደኛው ትምህርት ነው፤ እነርሱ ግን ገና በሃያ ሦስተኛው የጣሳ ክፋይ የሆነውን ጭብጥ እየደመሩ ጠበቁኝ።

ዓርብ ጠዋት በሦስት ሰዓት ኃላፊው ፊት ቀረብን። ውጤቱን ሳላስተካክል አነበብኩ፤ ሰባተኛው ጥያቄ አሥራ ሦስት ብቻ እንዳገኘም አስቀድሜ ተናገርኩ። ከዚያ የልጅቷን መልስ ነገርኳቸው። ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጆቹ መደመር ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ።»

«ከመጽሐፉ በላይ ያውቃሉ» አሉ ጋሼ ከጎኔ።

ኃላፊው ውሳኔውን ቃል በቃል እንድጽፍ አዘዙኝ። ሰባተኛው ጥያቄ እንደወደቀ ይመዝገብ፤ የወደቀው ግን በአዘጋጇ ስሕተት እንጂ በአሠራሩ አይደለምና ረቂቁ አይመለስም። «ከአንድ ያነሰ ክፍል» ከዘጠና አንደኛው ትምህርት ወደ ሃያ ሁለተኛው ይምጣ፤ የሚጀመረውም በጣሳና በጭብጥ ይሁን። መጽሐፉ በዚህ ተስተካክሎ ከሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ጀምሮ በሦስት ትምህርት ቤቶች ይሠራበት። የገበያ ጥያቄዎቹን ደግሞ ጋሼ ይጻፉ፤ ከመታተማቸው በፊት ገበያ የሚወጡ ልጆች ይዩአቸው።