እትዬ ሳሙና ጠግባ የተገኘችበት ዙር

ሠፈሩ እትዬ ሳሙና የሚላት በሥራዋ ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመት የሰው ልብስ አጥባለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከሴት ልጇ ጋር በአንዲት ክፍል ትኖራለች። እኔ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቷ ነኝ፤ የሚለየን ስስ ግድግዳ ስለሆነ ድስት ያልጣደችበትን ቀን ሁሉ አውቀዋለሁ።

የቤተሰቦችን ኑሮ የሚያጠና መሥሪያ ቤት በየሁለት ዓመቱ ጠያቂ ይልካል። በመጀመሪያው ዙር፣ በቀን አንዴ እንደሚበሉ ሳትደብቅ ተናገረች። ጠያቂዋ ከንፈሯን መጠጠችላት። ያቺ ከንፈር መጠጣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስታንገበግባት ኖረች።

ሁለተኛው ዙር ሲደርስ በጠዋት እኔ ቤት መጣች።

"አንቺ፣ ወንበሮችሽንና ያን አበባ ያለበትን አልጋ ልብስ አውሺኝ። እንግዳ ይመጣብኛል።"

እኔ ሞኟ ብርድ ልብሴንም ጨምሬ ሰጠኋት። በግድግዳው በኩል ስሰማ፣ "በቀን ሦስቴ እንበላለን፤ ሥጋም ከቤታችን አይጠፋም። ምን ጎድሎብን!" ትላለች። ቤት ውስጥ የነበረው አንድ ቁራሽ ዳቦ ነው። ሳቄን በመዳፌ አፈንኩት። ገመናዋን ሸፈነች ብዬ ደስ አለኝ እንጂ ሌላ ነገር አልታየኝም።

በሦስተኛውና በአራተኛው ዙር እውነቱን ተናገረች። ያን ጊዜ ጣቶቿ በቁርጥማት ደርቀው መጭመቅ አቅቷት ነበር፤ ኩራቱም አብሮ ደከመ።

ዘንድሮ ለድሃ ቤተሰቦች በየወሩ ቀለብ ሊሰጥ ነው ተባለ። ቀለቡ ከተገኘ እሷም ከማጠብ ታርፋለች፣ ልጅቷም ከትምህርቷ አትስተጓጎልም። ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ይዣት ሄድኩ። ጸሐፊዋ የጥናቱን መዝገብ አገላበጠች።

"እናቴ፣ ቀለቡ በአራቱም ዙር ድሃ ሆነው ለተገኙ ነው። እርስዎ የተመዘገቡት ጊዜያዊ ድሃ ተብለው ነው።"

"ጊዜያዊ ማለት?"

"ወድቀው የሚነሱ። በሁለተኛው ዙር ደህና ነበሩ።"

"ውሸቴን ነው፣ የኔ ልጅ።"

"ወንበሩም የኔ ነበር!" ብዬ ጮህኩ።

"የተዘጋ ዙር አይታረምም" አለች ጸሐፊዋ። "ደግሞ አሁን ሁሉም ውሸቴን ነው ይላል።"

እትዬ ሳሙና እዚያው አንገቷን ደፋች። እኔ ግን በንዴት ጨሼ፣ ጸሐፊዋንም፣ ወንበሮቼንም፣ ራሴንም እየረገምኩ ወጣሁ።

በማግሥቱ ጠዋት፣ በትምህርት ሰዓት፣ ግቢው ውስጥ አገኘኋቸው። እትዬ ሳሙና ሳፋ ውስጥ ቆማ የሰው አንሶላ በእግሯ ትረግጣለች፤ ልጅቷ እጅጌዋን ሰብስባ ትጨምቃለች። ሰባተኛ ክፍል ነበረች።