የእናቴ ክብሪት

እናቴ ሲጋራ አታጨስም። ሆኖም እኔ አግብቼ ከወጣሁ በኋላ እንኳ ከነጠላዋ ጫፍ ክብሪት ተፈትቶ አያውቅም። ቸርች ስትሄድ ክብሪት፣ ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ልትሸጥ ስትወጣ ክብሪት። ሰርጌ ላይ እንኳ ሽንጧን ይዛ ስትጨፍር ኮሽ ኮሽ የሚል ነገር ይሰማ ነበር። ምክንያቱ እኔ ነበርኩ።

ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ ነው አሉ። ቶንሲል ይዞኝ፣ ከገዘር ወደ ጂንካ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ፣ እናቴ ጭን ላይ እንዳለሁ ዓይኔ ተገለበጠ፤ እጅና እግሬም ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያኔ ተሳፋሪው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ "ክብሪት ጭረሽ አሽትቻት" ሲል ሌላው "ቁልፍ አስይዣት" ይላል። ኋላ የተቀመጡ ሴትዮ "ይጋባል፣ እንዳትነኳት" ብለው ዶሮዋቸውን አቅፈው ወረዱ። ክብሪቱ ተጫረ፣ ጭሱን አሸተትኩ፣ መንቀጥቀጡም ቆመ። በራሱ ጊዜ የሚቆም ነገር ነበር፤ ምስጋናውን ግን ክብሪቱ ወሰደው።

ጤና ጣቢያ ያገኘቻት ሲስተር ረጋ ብላ አስረዳቻት። "ይሄ የትኩሳት ነው። በዚህ ዕድሜ ትኩሳት ድንገት ሲወጣ አንዳንዱን ልጅ እንዲህ ያደርገዋል። የሚጥል በሽታ ያለ ትኩሳትም እየተመላለሰ ነው የሚመጣው። ከዚህ ወደዚያ የሚሻገሩት ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹን ትምህርት ቤት ሲገቡ ይተዋቸዋል። ከደገማት በጎኗ አስተኚያት፣ አንገቷ ላይ ያለውን ልብስ ፍቺላት፣ አፏ ውስጥ ምንም አታስገቢ፣ ክብሪቱንም ተይው። አምስት ደቂቃ ካለፈ ይዘሻት ሩጪ።" እናቴ እሺ፣ እሺ፣ ብላ ወጣችና ከበሩ ፊት ካለው ሱቅ አዲስ ክብሪት ገዛች።

ከዚያ በኋላ አንዴ ደገመኝ፤ በዚያው ቀረ። ክልከላው ግን አልቀረም። ወንዝ ክልክል፣ ማንጎ ዛፍ ክልክል፣ እሳት አጠገብ መቆም ክልክል። የእሳቱን ክልከላ አልጠላሁትም፤ እኩዮቼ ወጥ ሲያማስሉ እኔ እጫወት ነበር። ያንገበገበኝ ብስክሌቱ ነው። ያኔ አውሮፕላን የሚያርፈው ከተማው መሃል፣ ሳሩ ላይ ነበር፤ አውሮፕላን በሌለ ቀን ሜዳው የከብትና የልጆች ነው። የሰፈር ልጅ ሁሉ እየተከራየ ሲነዳ እኔ ዳር ቆሜ ጫማ እጠብቃለሁ።

"ትወድቂያለሽ" ትለኛለች።

"ሁሉም ይወድቃል።"

"ያንቺ መውደቅ ሌላ ነው።"

እባብ ያየ በልጥ በረየ። የእናቴ ታላቅ ወንድም የሚጥል በሽታ ነበረበት፤ እውነተኛው። ልጆች ሳሉ፣ እሷ እንድትጠብቀው ታዝዛ፣ ምድጃ ላይ ወድቆ እጁ ተቃጥሏል። ጣቶቹ እንደተኮማተሩ ቀሩ። እኔ ባወቅሁት ጊዜ ግን አጎቴ ከሆስፒታል የሚሰጡትን እንክብል ሳያቋርጥ እየዋጠ፣ ጥሎት ሳያውቅ ዓመታት አልፈው፣ ዲመካ ገበያ ፍየል የሚነግድ ቀልደኛ ሰው ነበር። ብስክሌት ያስተማረኝም እሱ ነው። አንድ እሁድ በዚያች በተኮማተረች እጁ ወንበሩን ይዞ ከኋላዬ እየሮጠ፣ "ቀና በይ፣ መንገዱን እይ" ሲለኝ፣ እናቴ ደረሰችብን። ደንግጬ ወደቅሁ። ክብሪቱን እየፈታች ስትሮጥ አየሁና ተናደድኩ።

"የተላጠው ጉልበቴ ነው። ለጉልበት ክብሪት ምን ያደርጋል?"

አጎቴ እየሳቀ ሳሩ ላይ ተዘረጋ። እናቴ አልሳቀችም፤ ግን ብስክሌቱን ራሷ አነሳችልኝ። ስነዳ ሜዳው ዳር ቆማ ጠበቀችኝ። እንደዚያ ቀን የወደድኳት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

በክብሪቷ ስንት ዓመት አሾፍኩባት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አምና የሁለት ዓመት ልጄ በጉንፋን ትኩሳት ስትግል፣ እናቴ ቤት ምንጣፍ ላይ ዓይኗ ተገለበጠ። ሲስተሯ ያለችውን በቃሌ የማውቅ እኔ፣ ጎረቤት እስኪወጣ "ክብሪት አምጡ" ብዬ ጮኽሁ። ክብሪት ተሸካሚዋ እናቴ ደግሞ ልጄን ቀስ አድርጋ በጎኗ አስተኛቻት፤ የአንገቷን ቁልፍ ፈታችላት፤ ዓይኗን ከግድግዳው ሰዓት ላይ አልነቀለችም። "ይተዋታል" አለችኝ። ብዙም ሳይቆይ ተዋት።

በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወሰድናት፤ ዶክተሩም መርምሮ ያንኑ የድሮውን ነገር ነገረን። ስንመለስ "እሺ፣ ይሄን ሁሉ እያወቅሽ ለኔ ክብሪት የተሸከምሽው ለምንድን ነው?" አልኳት።

"ሲስተሯ ካለችው አንድም አልረሳሁም። ማወቅ አይከብድም። የራስ ልጅ ስትሆን ነው የሚከብደው።"

በማግስቱ ልጄ ትኩሳቷ ለቆ ተነሳችና ባለሦስት እግር ብስክሌቷን ወደ ደጅ መጎተት ጀመረች። "ተይ፣ ትወድቂያለሽ" አልኳት፤ ተነስቼም ብስክሌቱን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች።

"እንግዲህ ክብሪቱን ልስጥሽ?"

ሳቅሁ፤ ብስክሌቱን አወረድኩላት። ክብሪቱንም ግን ተቀበልኩ።