የነዳጁ ዘንግና የአባቴ እግር

አባቴ ዕድሜውን አይሱዙ ሲነዳ ነው የኖረው። ከደብረ ብርሃን አንኮበር፣ ከጎረቤላ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ። ባቄላና ገብስ ጭኖ ይወርዳል፣ ማሽላና ሽንኩርት ጭኖ ይወጣል። ዓይኑ ሲደክም መንጃ ፈቃዱን አናድስልህም አሉት። አዲስ አበባ ወስደን ብናስመረምረው ግላኮማ ነው ተባለ፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም መሄዱ አይቀርም። ያን ሰሞን ነው ወደ መኝታ ክፍሌ እየመጣ ከኮምፒውተሬ አጠገብ መቀመጥ የጀመረው።

እኔ ከሥራ ስመለስ አውሮፕላን ማብረር በሚያለማምደው ፕሮግራም፣ በበረራ ሲሙሌተሬ ላይ ነኝ። ጨዋታ ነው የሚለኝን ሰው አልወድም። እያንዳንዱ ቁልፍ እንደ እውነተኛው አውሮፕላን ይሠራል፤ ያጠፋህ እንደሆነም እንደ እውነተኛው ይቀጣሃል።

“ይቺ አንኮበርን ታሳያለች?” አለኝ አባቴ።

“መንገዱን ራሱ ታሳያለች።”

“ሠላሳ ዓመት ነዳሁበት፣ አንድም ቀን አላየሁትም እኮ። ሳይ የኖርኩት ጠርዙን ነው። ዓይኔ ሳይዘጋ አንዴ ከላይ ባየው።”

ከእኔ ለምኖ የሚያውቀው ነገር ይሄ ብቻ ነው።

“ሞተሩን ራስህ በትክክል ካስነሳህ እወስድሃለሁ” አልኩት።

የተርቦፕሮፕ፣ ፕሮፔለር የሚያዞር የተርባይን ሞተር ማስነሳት ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ባትሪውን ታበራለህ፣ ስታርተር ትሰጣለህ፣ ከዚያ እጅህን ሰብስበህ ትጠብቃለህ። ውስጡ ያለው ተርባይን ፍጥነት አግኝቶ መርፌው ሲረጋ ብቻ ጠረጴዛው ላይ የገጠምኩትን የነዳጁን ዘንግ ወደ ፊት ትገፋለህ። ከቸኮልክ በቂ አየር ሳይገባ ነዳጁ ይቀጣጠላል፤ ሙቀቱ ቀዩን መስመር ያልፋል፣ ሞተሩም ተቃጠለ ማለት ነው።

የደብረ ብርሃን ሾፌር ግን እንደዚያ አያስነሳም። በእኛ ብርድ፣ መስታወቱ ላይ ውርጭ በተጋገረበት ጠዋት፣ መጀመሪያ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ትረግጣለህ፣ ከዚያ ነው ቁልፉን የምታዞረው። አባቴ ይሄንን የሚያውቀው በጭንቅላቱ ሳይሆን በእግሩ ነው። ስታርተር እንደሰጠ ቀኝ እግሩ ጠረጴዛው ሥር ወለሉን ይረግጣል፤ እጁ ደግሞ እግሩን ተከትሎ ዘንጉን ይገፋል። ሞተሩ ይቃጠላል።

“አቃጠልከው። እንደገና” እለዋለሁ።

ለምን እንዲህ እንደሆንኩ ልናገር። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ከጎረቤላ በታች ባለው ቁልቁለት መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። መኪናውን በማርሽ መያዝ ሲገባኝ ፍሬን በረገጥኩ ቁጥር በካቻቢቴ እጀታ የእጄን ጀርባ ይመታኝ ነበር። አጠገባችን የተቀመጠው የእህሉ ባለቤት ነጋዴ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። አባቴም አብሮት ሳቀ። እጄ አብጦ መሪ መያዝ ሲያቅተኝ ገፍቶ አስወረደኝና የቀረውን መንገድ ከኋላ እህሉ ላይ ተቀምጬ ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ መኪና ነድቼ አላውቅም።

በሁለተኛው ሳምንት ያንኑ ካቻቢቴ ከመሣሪያ ሳጥኑ አውጥቼ ኪቦርዱ አጠገብ አስቀመጥኩት። ያኔ ገና ያይ ስለነበር አየው። ዘንጉን ቀድሞ ሲገፋ በእጀታው መታሁት።

“እኔም እንደዚሁ ነው የተማርኩት” አለ። እጁን እንኳ አላሸሸም።

ደስ አለኝ። አሁን ስጽፈው አፍራለሁ፤ ያኔ ግን ደስ ነው ያለኝ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር። “ምናለ ዝም ብለህ ብታሳየው? ሌላ መንገድ የለውም?” አለችኝ።

“የለውም” አልኳት።

ነበረው። ሲሙሌተሩ ሲከፈት ሞተሩ ተነስቶ እንዲጀምር የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ አንድ ጊዜ መጫን ነው። ከፈለግሁ አውሮፕላኑን እዚያው አንኮበር ሰማይ ላይ ማስጀመር እችል ነበር።

ክረምቱ ገብቶ ወጣ። አባቴ በየምሽቱ እየመጣ ያቃጥላል። መጀመሪያ ቁጥሮቹ ጠፉበት፣ ቀጥሎ መርፌው። “የት ደረሰ?” ሲለኝ “ራስህ እይ” እለዋለሁ።

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ጫማውን አወለቀና ቀኝ እግሩን ወንበሩ ላይ አጣጥፎ ተቀመጠበት፣ እንዳይረግጥ። ባትሪውን በዳበሳ አበራ፣ ስታርተር ሰጠ፣ ጆሮውን ወደ ስፒከሩ አዘነበለ። ፉጨቱ እየቀጠነ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ረጋ። ያኔ ዘንጉን በዝግታ ገፋ። ሙቀቱ ከቀዩ መስመር በታች ቆመ፣ ፕሮፔለሩ ዞረ። ሞተር ሲያዳምጥ የኖረ ጆሮ ነው። እናቴ ከጓዳ እልል አለች።

“በል ውሰደኝ” አለ።

ከአዲስ አበባ ተነስቼ በደብረ ብርሃን በላይ አድርጌ አንኮበር አደረስኩት። ሲሙሌተሩ ላይ ጉም የሌለበት ቀን መርጬ ሰማዩን ጥርት አድርጌው ነበር። መንገዱ ከጎረቤላ እስከ አልዩ አምባ፣ እኔን ካስወረደበት ጥምዝ ጭምር፣ ከታች ተዘርግቶ ይታያል።

“ደረስን” አልኩት።

አፍንጫው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጋ። ፊቱን ወደ ግራ አዞረ፣ ወደ ቀኝ አዞረ።

“ጉም ነው እንዴ?”

አንኮበር ጉም አያጣትም። “አዎ፣ ጉም ነው” አልኩት።

“እንግዲያው ሲገልጥ እንመጣለን” አለና ጫማውን በእግሩ ፈለገ።

በማግስቱ መጣ። ጫማውን አወለቀ፣ እግሩን አጣጠፈ፣ ሞተሩን አስነሳ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጊዜም አላቃጠለም። አንኮበር በላይ ስንደርስ በየቀኑ “ዛሬስ ገለጠ?” ይለኛል። ገና ነው እለዋለሁ፤ እሱም እጁን ሰብስቦ ይጠብቃል። መጠበቅን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።